ባይኖኩላር በአነስተኛ ገንዘብ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ገበያ ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር?

ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ጠረጴዛ ላይ ከሚደረደሩት ባይኖኩላሮች (ሩቁን አቅርበው የሚያሳዩ ባለሁለት ቱቦ መነጽሮች) አብዛኞቹ ባይገዙ ይሻላል። ርካሽ ስለሆኑ አይደለም፤ በርካሽም ደህና ዕቃ ይገኛል። ችግሩ የሚጀምረው ገዢው ከሚጠይቀው ጥያቄ ነው። «ስንት ያቀርባል?» ይላል፣ ሻጩም ትልቁን ቁጥር ያነሳለታል። ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው የሚያዋጣው ግን ትንሹ ቁጥር ነው፦ 8 ጊዜ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ ከ30 እስከ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሁለቱ ቱቦዎቹ ደግሞ አንድ ቦታ የሚያዩ። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ፣ ስሙም ቀለሙም ሣጥኑም፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ይህን የምንጽፈው ለአስጎብኚዎች፣ ወደ ባቢሌ ለመስክ ሥራ ለሚወጡ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ወፍ ማየት ለሚወዱ፣ ግመሉን ከኮረብታ ላይ ሆኖ ለሚፈልግ ሰውም ጭምር ነው። ማታ ጅብ ሲመገብ ለማየት ወደ ሐረር የሚሄድ ሰው ግን ገንዘቡን ይያዝ፤ ጅቡ እጅ ላይ እየበላ ባይኖኩላር ምንም አይጨምርለትም።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናንብበው። 8×42 ማለት ነገሩን 8 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት ደግሞ 42 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። 1 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ዝሆን 125 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ይታያል። ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው ስታካፍሉት ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይወጣል፤ 42 ለ8 ሲካፈል 5 ሚሊ ሜትር ከሩብ ነው። የሰው ዓይን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በጨለማ ወጣት ሲሆን እስከ 7 ይከፈታል፣ ዕድሜ ሲገፋ ያንሳል። ስለዚህ ለቀትር ብቻ ከሆነ ትንሽ ክብም ይበቃል። እንስሳ የሚወጣው ግን ሲነጋና ሲመሽ ስለሆነ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ክብ ያለው መነጽር ዋናው ሰዓት ላይ ይጨልምባችኋል። 20×50 ተብሎ የሚሸጠው ክቡ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ኪስ የሚገባው 10×25ም እንደዚያው።

የማጉላቱ ቁጥር ሲያድግ የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ያድጋል። 8 ጊዜ የሚያቀርበውን ብዙ ሰው ቆሞ መያዝ ይችላል፤ 10 ላይ ክርንን ደረት ላይ መደገፍ ያስፈልጋል፤ ከ12 በላይ የሆነው ያለ ባለሦስት እግር ማቆሚያ የሚታይበት አይደለም፣ ይደናበራል። በድሬዳዋ በኩል ሌላም ነገር አለ፤ ሙቀት። መሬቱ ሲግል ከላዩ ያለው አየር መርገብገብ ይጀምራል፣ ከረፋዱ በኋላ ሜዳው ላይ ርቆ ያለ ነገር ሁሉ እንደ ውሃ ይንቀሳቀሳል። መነጽር ይህን አያጠፋውም፣ ያጎላዋል እንጂ። በ1,000 ብር ተገዛ በ100,000 ብር፣ ቀትር ላይ በሚርገበገብ አየር ውስጥ 20 ጊዜ ማቅረብ የሚያሳየው የሚርገበገበውን አየር ነው። ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ፣ ወደ 7,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቦታ ነው። እዚያ ዝሆኑ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ቁጥቋጦና ቁልቋል ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚውል የሚፈለገው ከከፍታ ላይ ሆኖ ሰፊ ቦታ በማሰስ ነው። ለዚህ የሚጠቅመው ሰፊ እይታ ነው፤ ሰፊ እይታ ያለው ደግሞ ዝቅተኛው ቁጥር ነው።

አሁን ገበያው ላይ በብዛት ያለውን ዕቃ በቅርብ እንየው። ጥቁር ወይም የወታደር ቀለም ያለው ጎማ ለብሷል። የፊት ሌንሱ በቀይ ያብረቀርቃል። መሐሉ ላይ 60×60 ወይም 30×60 ተጽፎበታል፤ አጠገቡ «ቀንና ሌሊት» የሚል አለ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ በ1,000 ያርድ 168 ጫማ የሚል ጽሑፍ ታትሞበታል። የመጨረሻውን ጽሑፍ ወደ ሜትር ብትመልሱት በ1,000 ሜትር ርቀት የሚያሳየው 56 ሜትር ስፋት ብቻ ነው ማለት ነው። ደህና 8×42 ከ125 እስከ 140 ሜትር ያሳያል። ይህ ጽሑፍ የማጉላት ቁጥራቸው ፈጽሞ በማይገናኝ ዕቃዎች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚታተም እንደ ማስረጃ አይቆጠርም፣ እንደ ማስጠንቀቂያ ግን ይጠቅማል። ቀዩ ቅብም ጌጥ ነው። ቀይ ብርሃንን ወደ ውጭ እየመለሰ የሚታየውን ነገር አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ብርሃንም ይቀንሳል። «ሌሊት ያሳያል» የተባለውም በጨለማ የሚያሳይ መሣሪያ ሆኖ አይደለም፤ በውስጡ ባትሪም ሆነ ብርሃን የሚያጎላ ነገር የለም።

እውነተኛውን ቁጥር እዚያው ሱቁ ፊት ማወቅ ይቻላል። ማስመሪያ ያዙ። የፊት ሌንሱን መስታወት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለኩ፤ 60 የተባለው ብዙ ጊዜ 35 ገደማ ሆኖ ይገኛል። ቀጥሎ ባይኖኩላሩን ወደ ብሩህ ሰማይ (ወደ ፀሐይ ሳይሆን) አዙራችሁ ከዓይናችሁ አንድ ክንድ ያህል አርቁት። የዓይን ሌንሱ (በዓይናችሁ በኩል ያለው ሌንስ) መሐል ላይ ትንሽ የብርሃን ክብ ይታያል። ያን ክብ በማስመሪያው ለኩና የፊት ሌንሱን ልኬት ለእሱ አካፍሉ። 35 ሚሊ ሜትር የፊት ሌንስና 4 ሚሊ ሜትር ተኩል የሚጠጋ ክብ ካገኛችሁ እጃችሁ ላይ ያለው 8 ጊዜ የሚያቀርብ መነጽር ነው፣ 60 አይደለም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ከውስጥ ብርሃን የሚያጠብ ቀለበት ስለሚያስገቡ ይህ ስሌት ሊዛባ ይችላል። ለማረጋገጥ በአንድ ዓይናችሁ በቱቦው፣ በሌላው በባዶ ዓይን አንድ የብሎኬት ግድግዳ እዩ። በመነጽሩ የገዘፈው አንድ ብሎኬት በባዶ ዓይን የሚታዩትን ስንት ብሎኬቶች እንደሸፈነ ቁጠሩ፤ ያ ነው ትክክለኛው ቁጥር።

የሚገርመው፣ ይህ 60 ተብሎ የሚሸጠው 8 ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። ለመጣል የሚያበቃው ብዙውን ጊዜ ቀጥሎ ያለው ነው።

ባይኖኩላር ሁለት ቱቦ ነው፤ ሁለቱ ፍጹም አንድ አቅጣጫ ካላዩ ሸውራራ ነው። ሸውራራ ባይኖኩላር ሲታይ መጀመሪያ ደህና ይመስላል፣ ምክንያቱም አእምሯችን ሁለቱን ምስሎች አንድ ለማድረግ ዓይናችንን ይጎትተዋል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ግንባር መያዝ፣ ማቅለሽለሽ፣ ዓይን ማልቀስ ይመጣል። ገዢው «መነጽር አይስማማኝም» ብሎ ያስቀምጠዋል። ጥፋቱ ግን የዓይኑ አይደለም። በተለይ አንዱ ምስል ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ያለ እንደሆነ የሰው ዓይን ይህን ለማስተካከል አቅሙ በጣም ትንሽ ነው።

አፈታተሹ እንዲህ ነው። ከ100 ሜትር በላይ የራቀ አግድም መስመር ፈልጉ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ ወይም የመብራት ሽቦ ይበቃል። መነጽሩን አስተካክላችሁ እዩት። ከዚያ መስመሩ ላይ እንደተተከላችሁ ባይኖኩላሩን ከዓይናችሁ ቀስ እያላችሁ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አርቁት። ሁለት የተለያዩ ክቦች ይታያሉ፣ በእያንዳንዳቸው ውስጥ መስመሩ አለ። በሁለቱም ክቦች መስመሩ እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። አንዱ ጋ ከፍ፣ አንዱ ጋ ዝቅ ካለ መልሱት። ይህን ሙከራ ሁለቱን ቱቦዎች የሚያገናኘው ማጠፊያ ጠብቦና ሰፍቶ ሁለት ጊዜ አድርጉት። ይህ ሁለተኛው ሙከራ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ የተጣመመን ባይኖኩላር በትናንሽ ብሎኖቹ ነካክቶ በአንድ ስፋት ላይ ብቻ የገጠመ ማስመሰል ይቻላል፤ ማጠፊያውን ስታንቀሳቅሱት መስመሩ ይሸሻል። ያገለገለ ዕቃ ላይ ይህ በጣም ያጋጥማል። አንድ ጊዜ መሬት መውደቅ ብቻ ፕሪዝሙን (በቱቦው ውስጥ ብርሃኑን የሚያጥፈውን መስታወት) ከቦታው ለማንሸራተት ይበቃልና ጎማው ላይ የተላጠ ጥግ ካያችሁ ሙከራውን አጥብቁት።

ቀጥሎ ብርሃን። ነጸብራቅ በሚቀንስ ቅብ ያልተቀባ አንድ የመስታወት ገጽ ከሚነካው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። በአንድ ቱቦ ውስጥ እንዲህ ያለ ገጽ 10 ቢኖር መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። በደንብ የተቀባ ገጽ የሚያጠፋው ግን ግማሽ በመቶ ገደማ ስለሆነ በ10 ገጽ 95 በመቶው ያልፋል። ሱቁ ውስጥ ያለውን አምፖል ወይም የበሩን ብርሃን በፊት ሌንሱ ላይ እያንጸባረቃችሁ ተመልከቱ፤ ከተለያየ ጥልቀት ብዙ ነጸብራቅ ይታያል። ሁሉም ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ጥሩ ነው። በመሐላቸው ደማቅ ነጭ ካለ ውስጡ ያልተቀባ ሌንስ አለ ማለት ነው፤ ውጪውን ብቻ ቀብቶ መሸጥ የተለመደ ነው። ቅድም የለካችሁትን የብርሃን ክብም እንደገና እዩት። ክቡ ጠርዙ የጠራ ከሆነ ፕሪዝሙ ደህና ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ባክ-4 የሚባለው መስታወት ነው። ጎኖቹ ተቆርጠው አራት ማዕዘን የሚመስል፣ ጥጉ ግራጫ ከሆነ ርካሹ ቢኬ-7 ነው። ያም ያሳያል፣ ጠርዙ ላይ ግን ይጨልማል።

ያገለገለ ከሆነ የስልክ መብራት በፊት ሌንሱ በኩል አብርታችሁ በዓይን ሌንሱ በኩል ሳይሆን ከዚያው ከፊት በኩል በሰያፍ ተመልከቱ። ትንሽ አቧራ አይጎዳም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ሻጋታ ነው፤ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ዕቃ በባሕር ጠረፍ እርጥበት ውስጥ ሲከርም ይይዘዋል፣ መስታወቱንም ይበላዋል። ጭጋግ የመሰለ ነጭ ሽፋን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከግራሶ የሚወጣ ቅባት ነው፣ በሙቀት ቀልጦና ተንኖ ሌንሱ ላይ ይቀመጣል። ከሁለቱ አንዱ ካለ ዋጋ መቀነሱ አይጠቅማችሁም፤ ከፍቶ የሚያጸዳና መልሶ የሚገጥም ባለሙያ ካላወቃችሁ እለፉት።

ወደ ተጨባጭ ዕቃዎች እንምጣ። የብር ዋጋ አንጽፍም፤ ምንዛሪው ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ይለወጣል።

ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ የመጀመሪያ ምርጫችን ሴለስትሮን ኔቸር ዲኤክስ 8×42 ነው። ክብደቱ 630 ግራም ገደማ፣ በ1,000 ሜትር ወደ 129 ሜትር ስፋት ያሳያል፣ እስከ 2 ሜትር ድረስ ያለውን ቅርብ ነገር ያጠራል። ከዓይን ሌንሱ 17 ሚሊ ሜትር ተኩል ርቆ ሙሉውን ክብ ስለሚያሳይ የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው መነጽሩን ሳያወልቅ ይጠቀምበታል። ውሃ አያስገባም፣ ውስጡም በናይትሮጅን ተሞልቷል። ለድሬዳዋ ሰው ከውሃው ይልቅ የሚጠቅመው ሌላኛው ጎኑ ነው፦ ውሃ የማያስገባ አቧራም አያስገባም። ድክመቱ ጠርዙ ላይ ምስሉ መለስለሱና ከጀርባው ፀሐይ ባለበት ነገር ዙሪያ ሐምራዊ መስመር ማሳየቱ ነው፤ ሰማይ ላይ የሚዞር ጥንብ አንሳ ስታዩ ይህ ይታያል።

ሁለተኛው ኒኮን አኩሎን ኤ211 8×42 ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሴለስትሮኑ ይረክሳል። የተሠራው በድሮው ቅርጽ፣ ትከሻው ሰፋ ባለው ነው። ይህ ቅርጽ በዝቅተኛ ዋጋ ለመሥራት ስለሚቀል በተመሳሳይ ገንዘብ የተሻለ ምስል ይሰጣል፤ መሐል ላይ ያለው ጥራት በዋጋው የሚጠበቅ አይደለም። እይታውም ሰፊ ነው፣ በ1,000 ሜትር 140 ሜትር ገደማ። ግን ውሃ ይገባዋል፣ አቧራም ይገባዋል፣ ከ5 ሜትር በታች ያለውን አያጠራም፣ ከ750 ግራም በላይ ይመዝናል። የዓይን መነጽር ለሚያደርጉም አንመክረውም፣ ርቀቱ 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የክቡ ጠርዝ ይቆረጥባቸዋል። ለእነሱ ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው እዚሁ ገበያ ላይ አልፎ አልፎ የሚገኘው ያገለገለ የሶቪየት 8×30 ነው። ይህን ዕቃ እንወደዋለን። ብረቱ ጠንካራ ነው፣ እይታው በጣም ሰፊ ነው፣ በጥገናም ይድናል፤ የፊት ሌንሶቹ በሚዞሩ ቀለበቶች ስለተያዙ ሸውራራ ቢሆን የሚያውቅ ባለሙያ ሊያስተካክለው ይችላል። ምስሉ ቢጫ ያደላል። የወፍ ቀለም ለመለየት ያስቸግራል፣ ዝሆንና ግመል ለመፈለግ ግን አያስቸግርም። ክቡ 3.75 ሚሊ ሜትር ነውና ሲመሽ ከ8×42 ቀድሞ ይጨልማል። ሜዳ ላይ ሲገዛ ሻጋታውንና መስመሩን መፈተሽ ግዴታ ነው። ወታደራዊ ሆኖ በውስጡ የመለኪያ መስመሮች ያሉበትን አትግዙ፤ ሲያዝባችሁ የምታስረዱት ነገር አይኖርም።

ገንዘቡ ከዚህም የሚያንስ ከሆነ ባለአንድ ቱቦውን ግዙ፤ 8×42 ወይም 10×42 የሆነውን። አንድ ቱቦ ስለሆነ ሸውራራ ሊሆን አይችልም፣ የአንድ ቱቦ ገንዘብ ስለሆነም መስታወቱ ይሻላል። ረጅም ሰዓት ማየት በአንድ ዓይን ያደክማል፣ ያ ብቻ ነው። ከመጥፎ ባይኖኩላር ይህ በብዙ ይበልጣል። ከ10 እስከ 30 እየተሳበ የሚያቀርበውን ባይኖኩላር ግን በፍጹም አትግዙ፤ ሁለቱ ቱቦዎች እኩል አይሳቡም፣ እይታውም ገና በ10 ላይ ጠባብ ነው።

ከገዛችሁ በኋላ አንድ ጊዜ በትክክል አስተካክሉት። መጀመሪያ ማጠፊያውን ሁለቱ ክቦች አንድ እስኪሆኑ አጥብቡ ወይም አስፉ። የቀኙን የፊት ሌንስ በክዳኑ ሸፍኑ፣ በግራ ዓይን ርቆ ያለ ጽሑፍ እያያችሁ መሐል ያለውን ማዞሪያ እስኪጠራ አዙሩ። አሁን ግራውን ሸፍናችሁ ቀኙን ክፈቱ፤ መሐሉን ሳትነኩ በቀኙ የዓይን ሌንስ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ አዙራችሁ ያንኑ ጽሑፍ አጥሩ። ቀለበቱ የቆመበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ወዲያ የሚነካው የመሐሉ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ «ብዥ ይላል» ብሎ ደህና ዕቃ ይመልሳል። የዓይን መነጽር የማያደርግ በዓይን ሌንሱ ዙሪያ ያለውን የጎማ ኩባያ ያውጣ፣ የሚያደርግ ይጠፈው።

የእኛ አገር አቧራ ሌንስ ይፈጫል። በነጠላ ወይም በሸሚዝ ጫፍ ከመወልወላችሁ በፊት አቧራውን በጎማ መንፊያ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት፤ ሳያራግፉ መወልወል ቅቡን በአሸዋ መሞረድ ነው። ከዚያ እፍ ብላችሁ በንጹሕ የመነጽር ጨርቅ ቀስ አድርጉ። መኪና ውስጥ፣ በተለይ ከፊት መስታወቱ ሥር አትተዉት፤ ቀልጦ የሚወጣው ግራሶ ስለዚያ ነው፣ ሙጫውም ይላቀቃል። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ በመነጽሩ ፀሐይን ማየት ዓይን እንደሚያጠፋ ንገሯቸው።

ከውጭ ለሚያስመጣ፦ ባይኖኩላር እንደ ስልክ ዝም ተብሎ የሚያልፍ ዕቃ አይደለም። ቦሌ ላይ የተያዘባቸው መንገደኞች አሉ። የሚያመጣላችሁ ሰው ከመነሳቱ በፊት ጉምሩክ ምን ፈቃድ እንደሚጠይቅ አጣሩ፣ ሲገባም ያሳውቅ፣ የግዢውን ደረሰኝ ይያዝ። አስጎብኚ ወይም ተመራማሪ ከሆናችሁ ከመሥሪያ ቤታችሁ የተጻፈ ደብዳቤ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ሞክሩ ስንላችሁም ወደ አየር ማረፊያው፣ ወደ ካምፕ፣ ወደ ድልድይና ወደ ሰው ግቢ አታዙሩት። ድሬዳዋ ላይ ለመሞከር ወደ ደንገጎ ወጥቶ ገደሉ ላይ ያሉትን ዝንጀሮዎች ማየት ይሻላል፤ ሐረር ላይ ደግሞ ከሥጋ ተራው በላይ የሚዞረውን ጭልፊት መከተል። ጭልፊቱን ሳታጡት አንድ ዙር ከተከተላችሁት እይታው ይበቃችኋል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግን ሻጩ ዕቃውን ወደ ውጭ አውጥታችሁ እንድታዩ መፍቀድ አለበት፤ የማይፈቅድ ከሆነ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።